ክንፉን ሳያርገበግብ ከፍ የሚለው ወፍ

ወፍ ማየት ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ባይኖኩላር አንግቶ ወደ አብያታ ሻላ ወይም ወደ ባሌ ተራሮች የሚጓዝ የውጭ አገር ጎብኚ ነው። ለፊዚክስ ተማሪ ግን ከሁሉ የሚሻለው ትርኢት በቤቴል ሰፈር፣ ከቆርቆሮ ጣራዎች በላይ፣ በነጻ ይታያል።

በበጋ ማለዳ ጭልፊቶች በባሕር ዛፍ ላይ ተቀምጠው ይቆያሉ። ረፋዱ ላይ ግን አንዱ ተነሥቶ፣ ክብ እየሠራ፣ ክንፉን ሳያርገበግብ ከፍ ከፍ ይላል። ኃይሉን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ቆርቆሮና አስፋልት ከሣር ቶሎ ይግላሉ፤ በላያቸው ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ እፍግታው ይቀንሳል፣ በዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ አየርም ወደ ላይ ይገፋዋል። ወፉ በዚህ የአየር ዓምድ ውስጥ ሁልጊዜ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነው። ሆኖም ዓምዱ በሴኮንድ 2 ሜትር ቢወጣ፣ ወፉም በአየሩ ውስጥ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢወርድ፣ በደቂቃ 60 ሜትር ያተርፋል። ደመና በጋረደው የክረምት ቀን ትርኢቱ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ክብ የሚሠራው ዓምዱ ጠባብ ስለሆነ ነው። ለመዞር አንዱን ክንፉን ዝቅ አድርጎ ያጋድላል፤ ያን ጊዜ ከማንሻው ኃይል ከፊሉ ወደ ክቡ ማእከል ይስበዋል። እስቲ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ዙር ለኩ። 11 ሴኮንድ ቢፈጅና ፍጥነቱን በሴኮንድ 10 ሜትር ብንገምት፣ የክቡ ራዲየስ 17.5 ሜትር ይሆናል። የፍጥነቱን ስኩዌር በራዲየሱና በ9.8 ብዜት ስናካፍል የማጋደያውን አንግል ታንጀንት እናገኛለን፤ አንግሉም 30 ዲግሪ ያህል ነው። (ሹካ የመሰለ ጅራቱን ሲጠመዝዝ ማየትም አይቅር፤ መሪው እርሱ ነው።)

የአዲስ አበባ አየር በእኩል ሙቀት ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማንሻው ኃይል በእፍግታና በፍጥነት ስኩዌር ስለሚወሰን፣ ያው ወፍ እዚህ ለመንሳፈፍ 15 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት። የሩፔል ጥንብ አንሳ ግን ከዚህም አልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በኮትዲቯር ሰማይ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል።

ይህ በአገራችን የሚኖር ወፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል። ዋናው ጠላቱ መርዝ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ መስመርም ይገድለዋል። ድንቢጥ በአንድ ሽቦ ላይ በሰላም የምታርፈው በሁለቱ እግሮቿ መካከል ይህ ነው የሚባል የቮልቴጅ ልዩነት ስለሌለ ነው። ክንፉ ከ2 ሜትር በላይ የሚዘረጋው ጥንብ አንሳ ግን ሁለት ሽቦዎችን በአንድ ጊዜ ይነካል። የሽቦዎቹን ርቀት ከክንፉ ስፋት ማስበለጥ ወይም በምሰሶው አጠገብ ያለውን ሽቦ መሸፈን ይህን አደጋ ይቀንሳል።