የባሕር ላይ ኮንክሪት ዕድሜ በምን ይለካል?

አብዛኛው የገቢና የወጪ ንግዳችን በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ የወደብ ግንባታ ጥራት የነጋዴውም ጉዳይ ነው። መርከብ የሚራገፍበት ቦታ ለጥገና ሲዘጋ ዕቃ ይዘገያል፤ ወጪም ይጨምራል። ለመሆኑ ባሕር ውስጥ የቆመ ኮንክሪት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?

በመጠኑ ይቻላል። ዋናው ጠላት በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ነው። በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀስ በቀስ ሰርጎ በውስጡ ያለው ፌሮ ጋ ሲደርስ ብረቱ መዛግ ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። ክፉኛ የሚጎዳው ዘወትር ውሃ ውስጥ ያለው ሳይሆን ሞገድ የሚረጨው ክፍል ነው። ምክንያቱም ጨውም አየርም እንደ ልብ ያገኛል።

መሐንዲሶች ስሌታቸውን የሚጀምሩት የፊክ ሕግ ከሚባለው ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ጨው ፌሮው ጋ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ የሚያድገው በሽፋኑ ውፍረት ካሬ ልክ ነው። ለምሳሌ በ3 ሳንቲ ሜትር ሽፋን 10 ዓመት የሚፈጅ ከሆነ፣ በዚያው ዓይነት ኮንክሪት በ6 ሳንቲ ሜትር 40 ዓመት ይፈጃል። ሽፋኑ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ግን ወደ 4 ዓመት ተኩል ዝቅ ይላል። አንድ ሳንቲ ሜትር ለመቆጠብ ብሎ ከግማሽ በላይ ዕድሜ ማጣት፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር ውህዱ ነው። ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ቀዳዳው ይበዛል። ፖዞላና ያለበት ሲሚንቶ ደግሞ በቂ ቀናት ውሃ እየጠጣ ከጠነከረ የጨዉን መንገድ ያጠብባል።

ሦስተኛው የብረቱ ዓይነት ነው። በሜክሲኮ የፕሮግሬሶ ወደብ እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1941 የተሠራው፣ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ባሕር የገባው ድልድይ የማይዝግ ፌሮ ስለገባበት ያለ ከባድ ጥገና ለአሥርተ ዓመታት አገልግሏል። ከጎኑ ዘግይቶ በተራ ፌሮ የተሠራው ግን ፈራርሷል።

ስለዚህ “100 ዓመት ይቆያል” የሚል ሰነድ የቀረበለት ባለሀብት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ ሽፋኑ ስንት ነው? ውህዱ ጨው ምን ያህል ያሳልፋል? ሁለቱስ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በተሠራው ሥራ ላይ ተለክተዋል? ስሌቱ የሚታመነው መልሱ ሲገኝ ነው።