የሞተር ጋርኒሲዮን ምንድን ነው?

አረቄ ሲወጣ አይታችኋል። ማሰሮውና መቃው የሚገናኙበት ቦታ በጭቃ ካልተመረገ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ አረቄውም ይቀራል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። የውሃ መሳቢያ ወይም የወፍጮ ሞተር ከላይ የብረት ክዳን አለው። መካኒኮች ቴስታታ ይሉታል። ከሥሩ ፒስተን የሚመላለስበት ብሎክ አለ። ሁለቱ ብረቶች ለዓይን ልሙጥ ይመስላሉ እንጂ ሲደራረቡ ክፍተት አይጠፋቸውም። ያንን ክፍተት የሚደፍነው ስስ ንጣፍ ጋርኒሲዮን ይባላል።

ሥራው ግን ከጭቃ ምርጊት ይከብዳል። በአንዱ መገጣጠሚያ እሳት፣ ውሃና ዘይት ጎን ለጎን ያልፋሉ። የናፍጣ ሞተር አየሩን 16 እስከ 20 እጥፍ አጥብቦ ይጨምቀዋል። ናፍጣው ሲቀጣጠል ሙቀቱ ለቅጽበት ከ2000 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ይሄን ተራ ካርቶን አይችለውም።

ቤት ሲሠራ አስቡ። ጭቃ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም፤ ማገርና ጭድ ይፈልጋል። የጋርኒሲዮን ማገር ስስ ላሜራ ነው። ላሜራው እንደ ወንፊት ይበሳል። ሲበሳ የሚወጡት ጥርሶች አይቆረጡም፤ ወደ ላይና ወደ ታች እንደቆሙ ይተዋሉ። በሁለቱም ወገን ለስላሳ ንጣፍ ሲጫንበት ጥርሶቹ ነክሰው ይይዙታል። ንጣፉ ድሮ አስቤስቶስ ነበር። አቧራው የሳንባ ካንሰር ስለሚያመጣ አሁን በብዛት ግራፋይት ሆኗል። የድሮ ሞተር ስታስፈቱ አሮጌውን ንጣፍ በደረቁ አትፋቁት፤ በውሃ አርጥቡት።

እሳት ባለበት ቀዳዳ ዙሪያ የታጠፈ የብረት ቀለበት ይገባል። ቀለበቱ ከሌላው ቦታ ትንሽ ወፈር ስለሚል ቡሎኑ ሲጠብቅ ትልቁ ጫና እሱ ላይ ያርፋል። ለውሃና ለዘይት ቀዳዳ የጎማ መስመር ይበቃል። በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ለስላሳ ንጣፍ የለም፤ ጎማ የተቀቡ ስስ ብረቶች ተደራርበው፣ ጉብታቸው እንደ ሞላ እየተጫነና እየተመለሰ ክፍተቱን ይዘጋል።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ጋራዥ ሞልቷል። (ስሙ የመጣው ከሽቦ አልባው ስልክ ጣቢያ ነው፤ ነፋስ ስለሚበዛበት አይደለም።) መካኒኮች ወረቀቱን እክፍሉ ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያሉ በመምታት ጋርኒሲዮን ይቆርጣሉ። ለውሃ ፓምፕ ክዳን ጥሩ ዘዴ ነው። ለቴስታታ ግን እንቢ በሉ።

ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከተንተከተከ፣ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ወይም ነጭ ጭስ ካላቆመ ጋርኒሲዮኑ ሳይቃጠል አልቀረም። ሞተሩን አጥፉ። ክዳኑን ሳይበርድ አትክፈቱ፤ የፈላው ውሃ ፊት ላይ ይፈነዳል።

አዲሱ ሲገባ ሁለቱ ብረቶች ይጸዳሉ፤ መጣመማቸውም በቀጥ ያለ ማስመሪያ ይታያል። ቡሎኖቹ ከመሃል ተጀምሮ ወደ ዳር ይጠብቃሉ፤ ያውም ባንዴ ሳይሆን በ3 ዙር ያህል። ከዳር ከተጀመረ መሃሉ ያብጣል። አንዴ የተፈታ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ተመልሶ አይገባም፤ የተጨፈለቀው ንጣፍ ሁለተኛ አይነሳምና።