ጠብታ መስኖና የጨው ጉዞ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ በበጋ ወራት ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም በመስኖ ሲለማ አይታችሁ ይሆናል። ውኃው ብዙውን ጊዜ ከወንዝ ተጠልፎ በቦይ ይመጣል። በጠብታ መስኖ ግን ውኃው በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ተጉዞ በእያንዳንዱ ተክል ሥር ቀስ በቀስ ይንጠባጠባል። ዘዴው ውኃ እንደሚቆጥብ በሰፊው ይታወቃል፤ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የመጣው ጨው ወዴት እንደሚሄድ ግን ብዙም አይጠየቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

እርጥበቱ እንዴት ይሰራጫል?

ከጠብታው ሥር ያለው አፈር ሲርስ የሽንኩርት ራስ የመሰለ ቅርጽ ይይዛል። ቅርጹን የሚወስኑት ሁለት ኃይሎች ናቸው፤ እነርሱም ውኃውን ወደ ታች የሚጎትተው የመሬት ስበትና በአፈሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አማካይነት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚስበው የካፒላሪ ኃይል ናቸው። በሸክላማ አፈር እርጥበቱ ወደ ጎን ይሰፋል፤ በአሸዋማ አፈር ግን ጠባብና ጥልቅ ይሆናል። በችግኝ ከረጢት ውስጥ ያለው ድብልቅ አሸዋና ጠጠር የበዛበት ከሆነ፣ ውኃው በመካከሉ ቁልቁል ወርዶ ጎንና ጎኑ ደረቅ ሊቀር ይችላል።

ጨውስ የት ይከማቻል?

እዚህ ላይ ጨው ስንል የምግብ ጨው ብቻ ማለታችን አይደለም። የካልሲየም፣ የማግኒዥየምና የሶዲየም ውሑዶች እንዲሁም ከማዳበሪያ የሚገኘው ናይትሬት ሁሉ ይጨመራሉ። ውኃው ሲጓዝ እነዚህን ይዞ ይጓዛል። ሥር ውኃውን ሲመጥ አብዛኛውን ጨው ትቶ ነው፤ ከአፈሩ ገጽ የሚተነውም ውኃው ብቻ ነው። በመሆኑም ከጠብታው አጠገብ ያለው አፈር እየታጠበ ሲቆይ፣ ጨው በእርጥበቱ ጠርዝና በገጹ ላይ ይከማቻል። ጠብታ መስኖ ጨውን ቦታውን ያስለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጨው ሲበዛ ሥር ውኃ የመሳብ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ተክሉ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ሊጠወልግ ይችላል። በዚህ ረገድ በርበሬ ስስ ነው። በሰፊው በሚሠራበት መለኪያ መሠረት፣ የአፈር ጨዋማነት በሜትር 1.5 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 1 ዴሲሲመንስም 14 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ማሳና ከረጢት

በምዕራብ ጎጃም ደጋና ወይና ደጋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚዘንብ፣ በበጋ የተከማቸውን ጨው ክረምቱ አጥቦ ይወስደዋል። ቀዩን አፈር አሲዳማ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ካልሲየምንና ማግኒዥየምን የወሰደው ይኸው አጠባ ነው። ለአሲዳማነት የሚበተነው ኖራ የጨዋማነት መድኃኒት አለመሆኑንም ልብ ይሏል። ዝናብ አነስተኛ በሆነበት በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ፣ የተለየ ነገር ደርሷል። በቂ ማንጣፈፊያ ሳይኖር በተካሄደ መስኖ የከርሰ ምድር ውኃ ከፍ ብሎ ጨው ወደ ገጽ በመውጣቱ ሰፊ የጥጥ መሬት ተጎድቷል።

በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ የችግኝ ከረጢት፣ በቡሬም ቢሆን፣ በዚህ ረገድ ከጎጃም ማሳ ይልቅ አሚባራን ይመስላል፤ ዝናብ አያገኘውምና። የጨዋማነት መጠኑ 0.3 ዴሲሲመንስ የሆነ 10 ሊትር ውኃ ብንሰጥና 1 ሊትር ብቻ ከታች ቢወጣ፣ ውሎ አድሮ የሚወጣው ውኃ ጨዋማነት 10 እጥፍ፣ ማለትም 3 ይሆናል። 2 ሊትር ቢወጣ 1.5 ይሆናል። ምንም ካልወጣ ግን ጨው በየቀኑ ይጨምራል። ማዳበሪያ ሲታከልበት ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል።

ምን ይደረግ?

1. ከረጢቱ ከታች በሚገባ ይበሳ፤ ከሚሰጠው ውኃ ጥቂቱ ተርፎ ይውጣ።
2. የወጣው ውኃ ከሥሩ አይጠራቀም፤ አለዚያ ጨዉን ይዞ ተመልሶ ይሳባል።
3. ጠብታው ከግንዱ አይራቅ፤ ቦታውም አይለዋወጥ።
4. በማሳ ላይ የመጀመሪያው ካፊያ ሲጥል ጠብታው ወዲያው አይዘጋ። ካፊያው የገጹን ጨው ወደ ሥር ሊገፋው ይችላል።

ሞክሩት

በሰፊ ሳፋ ደረቅ ቀይ አፈር ሙሉ። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ በመርፌ በተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ መካከሉ ላይ አንጠባጥቡ፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ አቆዩት። አፈሩ ሲደርቅ ነጩ ጨው በየትኛው ቦታ በርክቶ ታያላችሁ? ከጠብታው ሥር ነው ወይስ በጠርዙ?