ባልና ሚስት ከተለያዩ በኋላ ስለ ልጅ ቀለብ

አንባቢ ሆይ፤ ባልና ሚስት ሲለያዩ ቤቱ ይከፈላል፤ ከብቱ ይከፈላል፤ ምጣዱና አልጋው ሳይቀር ሽማግሌ ተቀምጦ ይከፈላል። ልጅ ግን አይከፈልም። ከአንዱ ዘንድ ቢያድርም የሁለቱ ልጅ መሆኑ አይቀርም። እንግዲህ ከተለያዩ በኋላ ልጁን የሚመግበው ማን ነው? በምንስ መስፈሪያ ይሰፈርለታል?

ብዙ ሰዎች ቀለብ ማለት ወንድ ለቀድሞ ሚስቱ የሚከፍላት ገንዘብ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የተቈጣው ባል «ለእርስዋ አንድ ብር አልሰጥም» ይላል፤ የተቀየመችውም ሴት «የእርሱ ገንዘብ ይቅርብኝ» ትላለች። ሁለቱም የራሳቸው ባልሆነ ነገር ይፎክራሉ። ቀለቡ የልጁ ነውና። እናት በልጁ ፈንታ ትቀበላለች እንጂ የእርስዋ ገንዘብ አይደለም፤ ልጁ ከአባቱ ዘንድ የሚኖር ከሆነም እናት ሰጪ፥ አባት ተቀባይ ይሆናል።

በ1992 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቍጥር 213፥ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ነው፤ ከክልሎች ብዙዎቹ የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ በዚያ የሚኖር ሰው የአገሩን ሕግ ይጠይቅ። በዚህ አዋጅ ቀለብ የሚለው ቃል ጤፍና ሽሮ ብቻ አይደለም፤ ምግብ፥ መኖሪያ፥ ልብስ፥ ሕክምናና ትምህርት በአንድነት ናቸው። ስለዚህ በየወሩ አንድ ኩንታል እህል ልኮ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የረሳ አባት ግዴታውን ፈጸመ አይባልም።

መጠኑ ስንት ነው ቢሉ፥ ሕጉ ከደመወዝ ሲሶ ወይም ሩብ ብሎ የወሰነው የለም። ዳኛው ሁለት ነገር ይመዝናል፤ አንዱ የተቀባዩ ችግር፥ ሁለተኛው የሰጪው አቅም ነው። አንድ አናጢ ሁለት ልጆች አሉት እንበል። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ፤ እናቲቱ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ዳኛው አናጢው በወር የሚያገኘውን ይጠይቃል፤ የእናቲቱንም ገቢ ይጠይቃል፤ የሁለቱን ዕድሜና ጤና፥ የልጆቹንም ዕድሜ ይመለከታል። እናቲቱ ገቢ ስላላት አባት ነጻ አይወጣም፤ አባትም ስላለ እናት ነጻ አትወጣም። ደግሞ እኔ እንደማስበው፥ ሌሊት ተነሥታ የታመመ ልጅ የምታቅፍ ሴት የሰጠችው ነገር በብር ባይጻፍም ከሚዛኑ ሊጐድል አይገባውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። «ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚል አባት አለ፤ «ካልከፈለ ልጁን አያያትም» የምትል እናትም አለች። ይህ የገበያ ንግግር ነው። ልጅቱ አባትዋን ማየትዋ አንድ ነገር ነው፤ መብላትዋም ሌላ ነገር ነው። ወንድሜ ሆይ፤ እንዳታያት ተከልክለህ እንደ ሆነ ስለዚሁ ለፍርድ ቤት አመልክት፤ እስኪፈረድልህ ድረስ ግን ልጅህ በባዶ ሆድዋ ለምን ትሟገትልሃለች? እኅቴ ሆይ፤ አንቺም ቀለቡ ቢዘገይብሽ የምትከሺው ሰውዬውን ነው፤ ልጅትዋ የናፈቀችው ግን አባትዋን ነው።

ዝም ብለው የሚታገሡ እናቶች ደግሞ ይህን ያስተውሉ። ወሩ ደርሶ ያልተከፈለ ቀለብ በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠየቀ ይቀራል፤ ተቀባዩ ለኑሮው አስፈላጊ መሆኑን ካላስረዳ በቀር መልሶ ሊጠይቀው አይችልም። ምክንያቱም ቀለብ ለዛሬ ረኀብ የሚሰጥ እንጂ እንደ ዕዳ የሚጠራቀም ሀብት አይደለም ስለሚባል ነው። ይህ ሕግ በታጋሾች ላይ የከበደ ይመስለኛል። ነገር ግን ሕግ ሆኖ ተጽፎአልና፥ «አንድ ቀን ያስብበት ይሆናል» ብላ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቅ ሴት ትዕግሥትዋ የልጅዋን ድርሻ እንዳያስቀርባት ትፍራ። ከጐረቤት መበደር ከመጀመርዋ በፊት አቤቱታዋን ታቅርብ።

በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች «እኔ ቤቱን ልተውልሽ፤ አንቺም ቀለብ አትጠይቂኝ» ብለው ቢጽፉ፥ ዳኛው ውሉ የልጆቹን ደኅንነት በሚገባ የማይጠብቅ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጕድለቱን ራሱ ያርማል። ስለ ምን ቢሉ፥ ወላጆች የሚማማሩት በራሳቸው ድርሻ ነው እንጂ በልጁ ድርሻ አይደለም።

ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት ሰጥቶታል። አባትነቱ ከተካደ ግን አስቀድሞ አባትነቱ መረጋገጥ አለበት። እየቻለ ያለ በቂ ምክንያት ልጁን የማይቀልብ ሰው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንደሚቀጣም ይወቅ፤ ደመወዝተኛ ከሆነም ፍርድ ቤት አሠሪውን እንዲቈርጥበት ሊያዝ ይችላል።

ወደ አናጢው እንመለስ። ከመሰላል ወድቆ እጁ ተሰበረ እንበል፤ ሥራም ፈታ። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው አፍሮ ይጠፋል፤ ስልኩንም ይዘጋል። ይህ ስሕተት ነው። ቀለብ የአቅምና የችግር ልክ ስለ ሆነ፥ አቅሙ ሲለወጥ ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይችላል፤ የልጆቹ ወጪ ሲጨምርም እናቲቱ እንዲሁ ልታመለክት ትችላለች። አናጢው የሐኪሙን ወረቀት ይዞ ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ እስከዚያ ቀን የከፈለበትንም የባንክ ደረሰኝ አንድ ሳያስቀር አብሮ ያቅርብ። በእጅ የሰጠው ገንዘብ ካለ የተቀበለችው እናት ትፈርምለት፤ ፊርማ የሌለበት ክፍያ በክርክር ጊዜ እንዳልተከፈለ ሊቈጠርበት ይችላልና።