«እንካ» ተብሎ የሚጀመር ልማድ

ሀ. ከንባብ በፊት

ተማሪዎች! ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ጥቂት አስቡና በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. አንድ ወጣት የመጀመሪያዋን ሲጋራ የሚቀበለው ከማን እጅ ይመስላችኋል?
2. የማትፈልጉትን ነገር ይሉኝታ ይዟችሁ የተቀበላችሁበት ጊዜ አለን?

ለ. ምንባብ

በጌዴኦ ምድር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ወቅት የቡና መልቀሚያ ጊዜ ነው። በወርቃና በአካባቢዋ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያደገው ቡና ሲቀላ ትልቁም ትንሹም ወደ ማሳ ይወጣል። ተማሪዎችም በቅዳሜና በዕረፍት ሰዓታቸው ቤተሰባቸውን ይረዳሉ፤ አንዳንዶቹም በቀን ሥራ የደብተር መግዣ ያገኛሉ።

በእንዲህ ያለው ቅዳሜ አምስት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የለቀሙትን ቀይ ቡና አስረክበው ወደ መንደራቸው ሲመለሱ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። ደክሟቸዋል፤ ነገር ግን በኪሳቸው ገንዘብ አለ፤ ጨዋታውም ደርቷል። ከመካከላቸው በዕድሜ ከፍ የሚለው ከመንገድ ዳር ሱቅ አንዲት ሲጋራ ገዝቶ ይለኩሳል። ሁለት ጊዜ ከሳበ በኋላ አጠገቡ ላለው ጓደኛው «እንካ» ይለዋል። ያም ተቀብሎ ይስብና ለሦስተኛው ያቀብላል። ሲጋራዋ እየዞረች ከአምስተኛው ልጅ ዘንድ ስትደርስ ጨዋታው ድንገት ጸጥ ይላል። የአራቱም ዓይን የሚመለከተው ሲጋራዋን ሳይሆን እርሱን ነው።

ይህ ልጅ በዚያች ቅጽበት የሚያስበው ምንድን ነው? ትንባሆ አላማረውም፤ ጣዕሙንም አያውቀውም። የሚያስበው፥ «እንቢ ብል ፈሪ ይሉኛል፤ ከእንግዲህ ወዲያም ከመካከላቸው አልቈጠርም» እያለ ነው። እንግዲህ እጁን እንዲዘረጋ የሚገፋፋው የትንባሆ ፍላጎት ሳይሆን ጓደኞቹን የማጣት ፍርሃት ነው። በጓደኛሞች መካከል የሚጀመር ማጨስ ሥሩ ይሉኝታ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

በአገራችን የቀረበን ነገር መግፋት እንደ ነውር ይቈጠራል። ጉርሻን አልቀበልም ማለት አጉራሹን ማሳፈር ነው፤ «ቡና ጠጡ» ተብሎ ሲጠሩ ዝም ብሎ ማለፍም ጎረቤትን ማስቀየም ነው። ይህ ያማረ ባህል ነው። ሲጋራ ግን የጉርሻን መልክ ይዞ ይመጣል። ጉርሻ ተቀባዩን ያጠግባል፤ ቡና ጎረቤትን ይሰበስባል፤ ሲጋራ ግን የዛሬውን ተቀባይ የነገ ገዢ ያደርገዋል። የመጀመሪያዋ በነጻ ትሰጣለች፤ ከእርስዋ በኋላ ያሉት ሁሉ ዋጋ ይከፈልባቸዋል። በቀን አሥር ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በዓመት 3,650 ሲጋራ ይገዛል።

ይህ የሚሆነው በትንባሆ ቅጠል ውስጥ ኒኮቲን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለ ነው። ጢሱ ወደ ሳንባ በገባ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ኒኮቲን በደም ተጉዞ ከአንጎል ይደርሳል። ለጊዜው የደስታ ስሜት ይፈጥራል፤ ስሜቱ ሲያልፍ ደግሞ አንጎል መልሶ ይጠይቃል። የወጣት አንጎል ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ሱሱ ይበልጥ ይጸናበታል። ስለዚህ በይሉኝታ የተጀመረው በሱስ ይቀጥላል። ጓደኛሞቹ ትምህርታቸውን ፈጽመው አንዱ ወደ ዲላ፥ ሌላው ወደ ሐዋሳ ሲበታተኑ ሲጋራው ከእያንዳንዳቸው ጋር ይሄዳል።

በሲጋራ ጢስ ውስጥ ከ7,000 የሚበልጡ ኬሚካሎች አሉ፤ ከእነዚህም ቢያንስ 69ኙ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ማጨስ ከሳንባ ካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይተው ነበር። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ የጥናቱን ውጤት መመልከት ሲጀምር ግን ማጨሱን ተወ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ናቸው።

«ታዲያ ሁሉም ያጨስ የለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ አባባል እውነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል ትንባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ አምስቱ ያህል ብቻ ነበሩ። አምስተኛው ልጅ በዚያች ቅጽበት ብቻውን የቆመ ይመስለው ይሆናል፤ በእውነቱ ግን ከዘጠና አምስቱ ወገን ነው።

ትንባሆን በሕግ የመከልከል ሐሳብ በአገራችን አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በብርቱ ቅጣት ከልክለውት ነበር። በዘመናችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ መሸጥን፥ ሲጋራን በነጠላ መቸርቸርንና ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። በምሳሌያችን ያለው ባለሱቅ በአንዲት ሲጋራ ሕጉን ሁለት ጊዜ ጥሷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የባለሱቁን እጅ ቢይዝም በጓደኛሞች መካከል «እንካ» የሚለውን እጅ ለመያዝ ይቸግረዋል። ያንን እጅ የሚመልሰው ተቀባዩ ብቻ ነው።

ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ልማድ ሁሉ ግን ክፉ አይደለም። የጌዴኦ ሕዝብ እንሰትን፥ ቡናንና ዛፍን በአንድ ማሳ አስማምቶ የማልማት ልማድን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ ኖሯል፤ ዩኔስኮም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይህም ልማድ «እንካ» ተብሎ የተሰጠ ነው። የሚሰጠን ሁሉ ስለ ተሰጠን ብቻ መቀበል አይገባንም፤ የተሰጠን ነገር ነገ ምን እንደሚያደርገን መመርመር ያስፈልጋል።

ወደ አምስተኛው ልጅ እንመለስ። «አልፈልግም፤ ይልቅ ሳይመሽብን እንሂድ» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር መንገዱን ይቀጥላል እንበል። ሲጋራዋን መለሰ እንጂ ጓደኞቹን አልመለሰም። ምናልባት አንዱ ይስቅበት ይሆናል። ነገር ግን ይሉኝታ ይዞት የሳበው ሦስተኛው ልጅ እንቢ ማለት እንደሚቻል አይቷል፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቢ የሚሉት ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ። የጀመረም ቢሆን ተስፋ አይቈርጥም፤ ማጨስ ያቆመ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በማጨስ ምክንያት የመጣበት የልብ ሕመም አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንስለታል። የሆነ ሆኖ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ላልጀመረው ነው።

ሐ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው ጉርሻንና ሲጋራን ያነጻጸረው ለምንድን ነው? ልዩነታቸውን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
2. «ሲጋራዋን መለሰ እንጂ ጓደኞቹን አልመለሰም» ሲል ምን ማለቱ ነው?
3. «ሁሉም ያጨሳል» የሚለው አባባል በምን ማስረጃ ተስተባበለ?
4. ይሉኝታ፥ ነውር፥ ሱስ የሚሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት አስረዱ።

መ. ሰዋስው፤ አምስቱ የግሥ አዕማድ

«ልማድ» የሚለው ስም የተገኘው «ለመደ» ከሚለው ግሥ ነው። ግሡ ድርጊቱን ማን እንደፈጸመውና በማን ላይ እንደተፈጸመ ለማሳየት መልኩን ይለውጣል።

1. አድራጊ፤ ልጁ ማጨስ ለመደ።
2. ተደራጊ፤ በመንደሩ ማጨስ ተለመደ።
3. አስደራጊ፤ ጓደኛው ማጨስ አስለመደው።
4. ተደራራጊ፤ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተላመዱ።
5. አደራራጊ፤ የቡና ለቀማው ልጆቹን አላመዳቸው።

በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማጨስን ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ ባለቤቱ ተሰውሯል። በሦስተኛው ግን ኃላፊው ተገልጧል። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር «ጓደኞቼ አስለመዱኝ» ማለት ይቀናዋል፤ «ለመድሁ» ማለት ግን ይከብደዋል። «እኔም ሌላውን አስለመድሁ» ማለት ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። ይሁን እንጂ በሲጋራ ዙር ውስጥ የዛሬው ለማጅ የነገ አስለማጅ ነው።

መልመጃ፤ ሀ) «አጨሰ፥ ተጨሰ፥ አስጨሰ» የሚሉትን ግሦች እያንዳንዳቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ። ለ) «በሠርጉ ላይ ብዙ ሲጋራ ተጨሰ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ እንዲታወቅ አድርጋችሁ እንደገና ጻፉ።

ሠ. ድርሰት

ከሚከተሉት ርእሶች አንዱን መርጣችሁ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።

1. «እንቢ ማለት ጓደኛን ማጣት አይደለም»
2. በአካባቢዬ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ መልካም ልማድ

በመጀመሪያው አንቀጽ ሐሳባችሁን በምሳሌ አስተዋውቁ፤ በሁለተኛው ምክንያቱንና ማስረጃውን አቅርቡ፤ በሦስተኛው መደምደሚያችሁን ስጡ። ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ተደራጊ ግሦችን ፈልጋችሁ ከሥራቸው አስምሩ፤ ባለቤቱን መሰወር ያላስፈለጋችሁ ከሆነ ወደ አድራጊ ለውጧቸው።