ለምናባዊ ቤተ መንግሥት የተከበረ ደን

ምናባዊ ዓለም የሚፈጥር ወጣት ቤተ መንግሥት ሲነድፍ ግንቡን፣ ማማውንና በሩን አይዘነጋም። ይሁን እንጂ ለቤተ መንግሥቱ ማድቤት ማገዶው ከየት ይመጣል? ለዚህ ጥያቄ የአገራችን ታሪክ መልስ አለው።

ከአያት ወደ ሰሜን ሲመለከቱ የሚታዩትን የየካ ተራሮችና ከእነርሱ ጋር የተያያዘውን የእንጦጦን ሰንሰለት በአብዛኛው የሸፈነው ባሕር ዛፍ ነው። ትውልዱም አውስትራሊያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦ ላይ ከትመው በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ለቤተ መንግሥቱ፣ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚሆነው እንጨት ይቆረጥ የነበረው ከአካባቢው አገር በቀል ደን ነው። ደኑ በመመናመኑም በ1880ዎቹ ዓመታት ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ጽድና ወይራን የመሳሰሉ ነባር ዛፎች ግን በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ተርፈው ይገኛሉ። በጎንደርም 12 ማማዎች ባሉት የድንጋይ ቅጥር የተከበበችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በዛፎች መካከል ትገኛለች።

ደኑን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ጠባቂ ሃይማኖታዊ ክብር ነው። ነገር ግን ክብር ብቻውን አይበቃም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያካሄዱት ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከብቶች ችግኞችን በመብላትና በመርገጥ ደኑ ራሱን እንዳይተካ ያደርጋሉ። በተጨማሪም የብዙዎቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለማይቆይ፣ እናት ዛፉ ከተቆረጠ ዝርያው ከሥፍራው ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቅጥር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ስፋት ነው። በደን ዳርቻ ፀሐይና ነፋስ ስለሚያይሉ አፈሩ ይደርቃል፤ ጥላ ፈላጊ ችግኞችም ይሞታሉ። ይህ ተጽዕኖ ለምሳሌ 30 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይዘልቃል እንበል። ራዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ክብ ደን 7,850 ካሬ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ከተጽዕኖው የሚተርፈው 1,256 ካሬ ሜትር፣ ማለትም 16 በመቶው ብቻ ነው። ራዲየሱ 100 ሜትር ቢሆን ግን 49 በመቶው ይተርፋል።

እንግዲህ ንድፋችሁ ሦስት ነገሮችን ያካትት፦ ከደኑ ውጭ የሚገኝ የማገዶ ምንጭ፣ ከብት የማያስገባ ቅጥር፣ በቂ ስፋት።

መልመጃ፦ የደኑ ራዲየስ 200 ሜትር ቢሆን ከዳርቻ ተጽዕኖ የሚተርፈው ስንት በመቶው ነው? ስፋቱ ሳይለወጥ ቅርጹ ቀጭንና ረዥም ቢሆንስ?