ሮቦት ቫኪዩም ለአንድ ክፍል ቤት፦ ለአስምና ለሳይነስ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት



ያቺን ክብ፣ ራሷ እየተሽከረከረች ወለል የምትጠርግ ማሽን ቲክቶክ ላይ ያላያችሁ ያለ አይመስለኝም። ሰሞኑን ኢንቦክሴ በሷ ተሞልቷል። «ዶክተር፣ ልጄ አስም አለበት፣ ይቺ ነገር ትጠቅመዋለች?» «እህቴ ከዱባይ ልትልክልኝ ነው፣ የትኛዋን ልበላት?» «ለሳይነስ መፍትሔ ናት ተባልኩ፣ እውነት ነው?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ወለላችሁ ሴራሚክ፣ ጣውላ ወይም ደህና ሊሾ ከሆነ፣ ገንዘቡም ካልከበዳችሁ፣ ጥሩ ረዳት ናት። የአስም ሕክምና ግን አይደለችም። ብሩ የሚበቃው ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የልጁ ፓፍ ይገዛ። ለምን እንዲህ እንደምል ከታች ታገኙታላችሁ።

አቧራው የት ነው ያለው?

«አቧራ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም። ከመንገድ የሚገባ አፈር፣ ከሰውነታችን የሚረግፍ ቆዳ፣ የጨርቅ ብናኝ፣ የከሰል አመድ፣ የበረሮ ቅሪት፣ የድመት ፀጉር ሁሉ አለበት። አለርጂ ላለበት ሰው ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው በዓይን የማትታይ የአቧራ ተባይ ናት። ርዝመቷ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሩቡን እንኳ ብዙም አያልፍም። የምትበላው የረገፈ ቆዳችንን ነው፤ እርጥበትና ሙቀት ትወዳለች። አፍንጫችንን የሚያሳክከው፣ አስም የሚቀሰቅሰው በዋናነት ኩሷ ነው።

የምትኖረው ደግሞ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስና ሶፋ ውስጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ፊታችንን ቀብረን የምንተኛው እዚያ ላይ ነው። ሮቦቷ ደግሞ አልጋ ላይ አትወጣም። በቃ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ወለሉን መስታወት ብታስመስለው እንኳ ሌሊት የሚያስነጥሳችሁ ነገር ትራሳችሁ ውስጥ እንዳለ ነው።

ይሄን የምለው ከራሴ ግምት ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የኮክሬን ግምገማ ከ50 በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ የአቧራ ተባይን ለመቀነስ የሚደረጉ ነገሮች (የፍራሽ ሽፋኑም፣ ቫኪዩሙም፣ ኬሚካሉም) ለየብቻቸው የአስም ሕመምተኞችን ሁኔታ እንዳላሻሻሉ ደምድሟል። ታዲያ ማጽዳት አያስፈልግም ማለት ነው? አይደለም። መድኃኒቱ በሥርዓት እየተወሰደ ቤቱ ሲጸዳ ብዙ ሰው ይቀለዋል፤ በተለይ አፍንጫው። ማሽን ገዝቶ ፓፉን መተው ግን አደጋ ነው።

ደረቅ መጥረጊያ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ ሮቦቷ የእውነት የምትበልጥበት ነገር አለ። ደረቅ ወለል በመጥረጊያ ሲጠረግ ትልልቁ ቆሻሻ በር ጋ ይደርሳል፣ ደቃቁ ግን አየር ላይ ይነሳል። ደቃቁ ነው ሳንባ ድረስ የሚገባው፤ ሰዓታትም አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ከመስኮት በሚገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲደንስ የምታዩት ትልቁን ብቻ ነው።

እኔ ያለሁት ቡኢ ነው። ከአዲስ አበባ በዓለም ገና፣ በመልካ ቁንጥሬና በጢያ አድርጎ ወደ ቡታጅራ የሚወርደው አስፋልት በከተማችን ያልፋል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ ያለውን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት የተጠረገ ቤት ከሰዓት ጣት ቢጎተትበት መስመር ያወጣል። በዚህ ሁኔታ በቀን ሁለት ሦስቴ በደረቅ መጥረግ፣ አስም ያለበት ልጅ እዚያው ወለል ላይ እየተጫወተ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ አቧራ እንደማጠን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ስለ አስም ሲወራ የልጁ ነገር ይነሳል እንጂ ስለምትጠርገው ልጅ ማን ያስባል? በየቤቱ ዝቅ ብላ የምትጠርገው ሠራተኛ አቧራውን ከሁሉም በፊትና ከሁሉም አብልጣ የምትስበው እሷ ናት። «ይቺ ልጅ ጉንፋን አይለቃትም» ከምትሉ አንድ ቀን ይዛችኋት ኑ፤ ደረቷ ይታይ።

ቤታችሁ ለሮቦት ይመቻል ወይ?

ሮቦት ቫኪዩም አዲስ ነገር አይደለችም፤ ሩምባ የምትባለው የአሜሪካኗ ገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የተሠራችው ግን ወለሉ ጠፍጣፋ ለሆነ፣ ዕቃው ከመሬት ከፍ ላለ ቤት ነው። የኛ አራት በአራት ክፍል ደግሞ አልጋ፣ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ቁም ሳጥንና የእህል ማዳበሪያ በአንድ ላይ የሚኖሩበት ነው። 16 ካሬ ሜትር በእጅ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ ላይ ዕቃ የያዘውን ቀንሱት፤ ለማሽኗ የሚቀራት መተላለፊያ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ አልጋና ሶፋ ሥር ለኩ። አብዛኞቹ ሮቦቶች ቁመታቸው ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ሜትር ከሌላችሁ መዳፋችሁን ከነአውራ ጣቱ በጎኑ አቁሙት፤ ያ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። መዳፋችሁ እንደልብ የማይገባበት ሥር እሷም አትገባም። አልጋ ሥር ሻንጣና ካርቶን ከተደረደረማ ጨርሶ አትድረሱበት ብላችኋታል ማለት ነው።

የአፈር ወለል ላይ አትሠራም፤ አፈሩን ራሱን ስትበላ ትውላለች። የተቦረቦረ ሊሾም ያስቸግራታል። ጅባ ላይ ጠርዙን ታነሳለች፣ ወይም ትጣበቅበታለች። ከሁለት ሳንቲ ሜትር የበለጠ ደፍ ብዙዎቹ አይወጡም። ጥቁር ወለል ወይም ጥቁር ምንጣፍ ካላችሁ ደግሞ አንዳንዶቹ ገደል የደረሱ መስሏቸው ይቆማሉ፤ ከደረጃ እንዳይወድቁ የሚጠብቃቸው ሰንሰር ጥቁሩን ባዶ ነው ብሎ ስለሚያነበው ነው።

ቡና የሚፈላበት ቤት ከሆነ (የማይፈላበት የት አለ?) ሁለት ነገር ልብ በሉ። የተጎዘጎዘ ቄጤማ ብሩሿ ላይ ተጠምጥሞ ያቆማታል፤ ቃጫና ረጅም ፀጉርም እንደዚያው። ከዚህ የሚብሰው ግን ፍም ነው። ከምድጃ የወደቀች ትንሽ ፍም ወይም ትኩስ አመድ ሆዷ ውስጥ ከገባች አቧራው፣ ፊልተሩና ባትሪው አንድ ላይ ናቸው፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። የቀዘቀዘ አመድም ቢሆን ፊልተሩን በአንድ ቀን ይደፍነዋል። ረከቦቱ ተነስቶ፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ከታለፈ በኋላ ብቻ ትሂድ። ዶሮ የሚገባበት ቤት ወይም ፖፖ ያልለመደ ሕፃን ካለማ አታስቡት። ያገኘችውን ክፍሉን ሙሉ ትቀባላችኋለች፤ ከዚያ በኋላ ማጽዳቱ ለሁለት ነው፣ ወለሉንም እሷንም።

ይሄን ሁሉ አልፋችሁ የምትገዙ ከሆነ

ለአስምና ለአለርጂ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ፊልተሩ ነው። ሔፓ የሚባለው ፊልተር በትክክለኛ ደረጃው 0.3 ማይክሮን የሚያክል ብናኝ ቢያንስ 99.97 በመቶ ይይዛል። «ሔፓ ዓይነት» ወይም «ሔፓ መሰል» የሚል ጽሑፍ ይሄንን ደረጃ አያረጋግጥም። ፊልተሩ ደካማ ከሆነ ማሽኗ ከፊት የሳበችውን ደቃቅ ብናኝ ከኋላ መልሳ ትረጨዋለች፤ ያኔ ከመጥረጊያ ብዙም አልተሻለችም። ቀጥሎ፣ መለዋወጫ ፊልተር እዚህ አገር ይገኛል ወይ? ፊልተር በየጥቂት ወሩ የሚቀየር ዕቃ ነው። የምትልክላችሁ እህት ከማሽኗ ጋር አራት አምስት ትርፍ ፊልተርና ሁለት ብሩሽ ትጨምር። መለዋወጫ የሌላት ማሽን ከዓመት በኋላ የሳሎን ጌጥ ናት።

ሻጮች በፓስካል ቁጥር ያደናግሯችኋል፦ አምስት ሺህ፣ ስምንት ሺህ፣ አሥር ሺህ። ፓስካል የመሳብ ግፊት ነው፤ ለሊሾና ለሴራሚክ 2000 እና 2500 ይበቃል። ትልቁ ቁጥር የሚጠቅመው ወፍራም ምንጣፍ ላለው ነው። በሌዘር ካርታ የምትሥለውም ብዙ ክፍል ላለው ቤት ነው የምታስፈልገው። ለአንድ ክፍል እየተጋጨች የምትዞረው ርካሿ ትበቃለች። እንዲያውም ጀርባዋ ላይ የሌዘር ጉብታ ስለሌላት ሶፋ ሥር ለመግባት እሷ ትሻላለች።

ዋይፋይ የሌለው ቤት በአፕ ብቻ የምትሠራ እንዳይገዛ። በቁልፍ ወይም በሪሞት የምትነሳ ይሁን። ካሜራ ያላትን ለመኝታ ክፍል አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ኤምአይቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው ያወጣው ዘገባ አለ፦ ለሙከራ የተሰጡ ሩምባዎች ያነሱት ፎቶ፣ አንዲት ሴት ሽንት ቤት ተቀምጣ የሚያሳየው ጭምር፣ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ ልብስ የሚቀየረውም፣ የሚታጠበውም እዚያው ነው።

ከአሜሪካ የምታስመጡ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በፎቶ ይላክላችሁ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ትርፍ ባትሪ ካለ በአውሮፕላን የሚጫነው በእጅ ሻንጣ ነው እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። እቤት ስትደርስም ከምድጃው ዲቫይደር ጋር አትቀላቅሏት።

አንዳንዷ ወለል የምትወለውልበት የውኃ ቋት አላት። በረኪና አትጨምሩበት። ማሽኗን ያበላሻል፤ ከዚያ ይልቅ ግን በረኪና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለአስም መጥፎ ቀስቃሽ ነው። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይሄ ጤነኛ ሰውንም የሚያንቅ መርዝ ነው።

ሆዷን የምትደፉት ውጭ ነው፣ አስም የሌለበት ሰው፣ አፉን ሸፍኖ። ፊልተሩ የሚታጠብ ዓይነት ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። እርጥብ ፊልተር ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታ ደግሞ ራሱ አለርጂ ነው።

ያለ ሮቦት

ብዙዎቻችሁ አትገዟትም፣ አውቃለሁ። ምንም አይቀርባችሁም። ወለሉን በደረቅ አትጥረጉ። የአፈር ወለል ውኃ ረጭ ረጭ ይደረግበት፣ ሊሾና ሴራሚክ በእርጥብ መወልወያ ይታለፍ። ቡፌና መስኮት በላባ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ። ጫማ በር ላይ ይውለቅ፤ የመንገዱ አፈር ግማሹ የሚገባው በእግር ነው ብትሉ አልከራከራችሁም። አስም ያለበት ልጅ ጽዳት ሲካሄድ ውጭ ይቆይ፣ ካለቀም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አየሩ ይረጋጋ። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውኃ፤ ተባዩን የሚገድለው 60 ዲግሪ ነው። ፍራሹ ፀሐይ ይሙቅ። እናቶቻችን ለመስቀል ቤቱን ገልብጠው ፍራሹንም ጅባውንም ደጅ የሚያወጡት ነገር ትክክል ነው፤ ፀሐይ እርጥበቱን ያደርቀዋል፣ ተባይዋም ያለ እርጥበት አትኖርም። ብቻ በዓመት አንዴ አይሁን። ሲራገፍም አስም ያለበት ሰው አጠገቡ አይቁም።

ጭሱንስ? ከአቧራው ይልቅ ጭሱ የሚያስፈራኝ ቤት ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው የቤት ውስጥ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2020 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከሰል በተዘጋ ክፍል እያጨሰ፣ ዕጣን ከላይ ተጨምሮበት፣ ጥግ ላይ ሮቦት ብትሽከረከር ትርጉም የለውም። አንድ ክፍል ቤት ከሆነ ምድጃው በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፤ ጭሱ ሲያልቅም መስኮቱ ሳይከፈት አይግባ፤ ጭስ የሌለው ከሰልም ይገድላል።

አሁን ወደ ፓፉ። ብዙ ሰው ያለው ሰማያዊው፣ ሳልቡታሞል፣ ብቻ ነው። እሱ ለጊዜው ቧንቧውን ይከፍታል፤ ውስጡ ያለውን ቁጣ ግን አያበርድም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀም አይመክርም። ስቴሮይድ ያለበት፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታዞን፣ መጨመር አለበት። ሰማያዊውን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የምትጠቀሙ ከሆነ አስማችሁ አልተቆጣጠረም፤ ኑና እናስተካክለው።

ልጁ ፓፍ በደንብ አይስብም? እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ የወጣ የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ ከግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር ከሚሸጠው እኩል እንደሚሠራ አሳይቷል። የጠርሙሱ ቂጥ በፓፉ አፍ ልክ ይቀደዳል፣ ፓፉ ይሰካል፣ ዙሪያው በደንብ ይታሸጋል፤ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል በረጋ ሁኔታ አምስት ስድስት ጊዜ ይተነፍሳል። አሠራሩን በአካል ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ይዛችሁ ኑ።

ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሐል እየገባ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ድብን ብሎ መንቃት ካቃተው ግን ኮሜንት አትጻፉልኝ። ሳልቡታሞሉን በስፔሰሩ ከ4 እስከ 10 ጊዜ እየሰጣችሁ፣ አንድ በአንድ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በመንገድ ላይ ካልተሻለው ከ20 ደቂቃ በኋላ ይደገማል።

የወለላችሁን ዓይነትና የአልጋችሁን ሥር ቁመት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሮቦቷ ታዋጣችሁ እንደሆነ እዚያው እነግራችኋለሁ።